የሊፍቱ ለቅሶ

ጉልላት ምክር ቤት በገባ በመጀመሪያው ቀን ወንበር ተሸክሞ ነው የገባው። የብሎክ ዘጠኝ እድር የፕላስቲክ ወንበር፣ ጀርባው ላይ በቀይ ቀለም «የእድር ነው አትውሰዱ» የሚል የተጻፈበት። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ሰው ካየ ቆይቷል መሰለኝ፣ ከመደንገጡ የተነሳ መታወቂያ መጠየቁን ረስቶ ወንበሩ ለማን እንደሆነ ጠየቀው። ጉልላት ለራሱ እንደሆነ ነገረው። እድር ወንበር ሳይዙ ከሄዱ ቆሞ ማልቀስ ነው፤ እሱ የሚያውቀው ይሄንን ነው።

ይዞ መሄዱ ጠቀመው። አዳራሹ ውስጥ ወንበር የሚባል ነገር አልነበረም። ካስወጧቸው ስንት ዘመን፤ ጥላ አይቀመጥማ።

በዚያን ዘመን ሰው ሁሉ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥላውን ነበር የሚልከው። ለሥራ ጥላ፣ ለሠርግ ጥላ፣ ለልደት ጥላ። ጥላ ማለት መልክህም ድምፅህም ያለው፣ እጅህን ብትሰድበት ግን በወዲያ በኩል የሚወጣ ነገር ነው። ሠርግ ላይ ስንትና ስንት ጥላ መጥቶ እስክስታ ይወርዳል፣ ደጋሹ አንድ ዶሮ አርዶ ይተርፈዋል። ሁለት ጥላዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሦስቴ ይሳሳማሉ፣ ጉንጫቸው እርስ በርሱ ይተላለፋል፣ «ጠፋህ» ተባብለው ይለያያሉ። ምግቡን በራሪ ማሽን በመስኮት ያመጣል። ቆሻሻውን በራሪ በመስኮት ይወስዳል። ታች መሬት ላይ ምን ሥራ አለህ?

እናም ጉልላት መሀል አዳራሽ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ዙሪያውን ምክር ቤቱ በሙሉ በጥላ ቆሟል። ሁሉም ያምራሉ። አንድ ላብ የለም፣ አንድ ቦርጭ የለም። ጆሮው ውስጥ ደግሞ ሹክ አለች። ሹክ ለባለሥልጣን ሁሉ የምትሰጥ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ናት፤ ጆሮ ውስጥ ተቀምጣ የሚባለውን ትነግርሃለች። «እመርታ በል» ትላለች፣ እመርታ ትላለህ። «ተጠናክሮ ይቀጥላል በል» ትላለች፣ ይቀጥላል። ጉልላት እስከ ምሳ ታገሳትና አውጥቶ ኪሱ ከተታት። ኪሱ ውስጥም ሆና «ባለድርሻ አካላት» እያለች ታጉረመርም ነበር።

ሰውየው እንዲህ የሆነው ወዶ አይደለም። እትዬ ምንዳዬ ናቸው እንዲህ ያደረጉት።

እትዬ ምንዳዬ የብሎክ ዘጠኝ እድር ሊቀመንበር ናቸው። ቤታቸው አርባ አንደኛ ፎቅ ነው፣ ከሱ በላይ ያለው ሰማይ ብቻ ነው። ጉልላትን ገና ጢሙ ሳይበቅል የእድሩ ጡሩምባ ነፊ አደረጉት። ሰው ሲሞት በየፎቁ እየዞረ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ማን እንደሞተ ይለፍፋል፣ ከዚያ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ያዞራል። ከእድር የተረፈውን ጊዜ ነው ትምህርት ቤት የሄደው፤ ብዙም አልተረፈውም።

አንድ ጊዜ ደረጃ ላይ ቆሞ ወደ ላይ «ኑ» እያለ ሲጮህ ሰሙትና ጠሩት። ሰው በጩኸት አይመጣም አሉት። አንኳኳ፣ ግባ፣ የሰጡህን ጠጣ፣ የልጃቸውን ጤና ጠይቅ፣ ከዚያ ነው የመጣህበት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሌላው የድንኳን ምሰሶ ተሸክሞ እየተንገዳገደ እሱ መሀል ቆሞ ሲያስተባብር አገኙት። ምሰሶውን ትከሻው ላይ ጫኑበትና አሁን ተናገር አሉት። ከዚያ ወዲህ ጉልላት ምንም ሳይሸከም መናገር አይችልም። ምክር ቤት ውስጥ እጁን አውጥቶ ዕድል ሲሰጠው ይነሳል፣ ወንበሩን ትከሻው ላይ ያደርጋል፣ ከዚያ ይጀምራል። ሸክም የያዘ ሰው ንግግሩ አጭር ነው። ሌሎቹ እመርታ ላይ ሳይደርሱ እሱ ጨርሶ ይቀመጣል።

ከሁሉም በላይ ግን እትዬ ምንዳዬ አንድ ነገር ይጠሉ ነበር።

«ጥናት ላይ ነው የሚል ሰው ካየህ ሽሸው» ይሉታል። «የፈሪ አይሆንም ነው እሱ። የማይሆን ከሆነ አይሆንም በል፣ ሰውየው ሌላ መላ ይፈልጋል። ጥናት ላይ ነው ብለህ ደጅህ አታቁመው።»

ጉልላት ለምክር ቤት ሲወዳደርም በዚሁ ጠባዩ ነው። ተፎካካሪዎቹ ጥላቸውን በአንድ ጊዜ በየቤቱ ላኩ። እሱ አንኳኳ። በር ከተንኳኳ ዓመታት ስላለፉ ሰው ግራ ገባው፤ አንዷ በሬ ተበላሸ ብላ ጠጋኝ ጠራች። ሲከፈት በላብ የተጠመቀ ሰው ቆሟል፣ ውሃ ይለምናል። ግማሹ የመረጠው አዝኖለት ነው። ሁሉንም ፎቅ በእግሩ ነበር የወጣው፤ ሊፍቱ ሞቷላ።

ሊፍቱ ስም አለው፣ ሽቅብ ይባላል። ስሙን ያወጣለት እድሩ ነው። አስከሬን የሚያወርድ እሱ፣ ድንኳንና ጎላ የሚያወጣ እሱ። እትዬ ምንዳዬ ይሄስ ከስንቱ ሰነፍ ይሻላል ብለው በጉባኤ የእድር አባል አስደረጉት። መዋጮውን በጉልበቱ ይከፍላል ተባለ፣ ተጨበጨበ። ታዲያ አንድ ቀን ሃያ ስድስተኛ ፎቅ ላይ እንደታረደ በሬ አጓርቶ ቆመ። ቆመ በቃ፣ ወፍ የለም።

ከተማውን የሚያስተዳድረው ማሽን ማዕከሉ ይባላል። የማዕከሉ ሰሌዳ ላይ ግን ሽቅብ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ማለት ጤነኛ ማለት ነው፣ ጤነኛ ደግሞ አይጠገንም። አቤት ሲባል ማዕከሉ ሊፍቱ በጥሩ ሁኔታ ላይ መሆኑን ገልጾ፣ ለመሆኑ ሰው ለምን መውረድ እንደፈለገ በትሕትና ይጠይቃል።

ሽቅብ ከቆመ በኋላ ሠላሳ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ወፍራም ሽማግሌ አረፉ። እድርተኛው በደረጃ ተሸክሞ አወረዳቸው። መሀል ላይ ተሸካሚዎቹ በራስጌ ማን በግርጌ ማን ይሁን ብለው ተጣሉ፣ ሣጥኑን አቁመው ተሰዳደቡ። ይሄንን የሰሙት እትዬ ምንዳዬ ጉባኤ ጠርተው አቋማቸውን አሳወቁ። እኔ ሰው ትከሻ ላይ አርባ አንድ ፎቅ አልወርድም አሉ። በበራሪ ይሁን ያለውን ደግሞ እንደ ፒዛ ሣጥን በመስኮት አልወጣም ብለው አስቀመጡት። ስለዚህ ሽቅብ እስኪሠራ አልሞትም አሉ።

ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሳቸው ግን የምር ነበር። እኩዮቻቸው ሁሉ ሄዱ፣ ጥርሳቸው ሄደ፣ እሳቸው ቁጭ። ጉልላት የተመረጠ ዕለት እጁን ይዘው እንደደከማቸው ነገሩት፤ ሽቅብን አሠራልኝና በክብር ልውረድ አሉት። ጉልላትም በጡሩምባው ማለ። ሲምል ምን እየማለ እንደሆነ አላሰበውም።

እንግዲህ ወንበሩን ትከሻው ላይ አድርጎ የሽቅብን ነገር ለምክር ቤቱ ያላቀረበበት ስብሰባ የለም። ሰብሳቢው አቶ ልሳኑ ናቸው። ጥላቸው ረጅም፣ ሸንቃጣ፣ ድምፁ ነጎድጓድ ነው። ጉልላት በተናገረ ቁጥር ጥላው ራሱን ይነቀንቅና «ጉዳዩ ጥናት ላይ ነው» ይላል። ጥላዎቹ ሁሉ ያጨበጭባሉ፣ መዳፋቸው እርስ በርሱ ያልፋል፣ ድምፅ የለውም።

ጉልላት አፍሮ አርባ አንደኛ ፎቅ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ አምፖሉ ከተቃጠለ ቆይቷል፣ ግድግዳውን እየዳበሰ ነው የገባው።

«ምን አሉህ?» አሉት እትዬ ምንዳዬ።

«ጥናት ላይ ነው።»

ማን እንዳለው ጠየቁት፣ ሰብሳቢው ናቸው አላቸው።

«እሱ ራሱ ነው ጥላው?»

«ጥላው ነዋ እትዬ። ሁሉም ጥላ ናቸው።»

«ታዲያ ሰው መቼ ጠየቅክ?» አሉት።

ጉልላት ቁጭ ብሎ አሰበ፤ በዚህ ከተማ ሰው በሥጋው የሚመጣበት ምን ነገር ቀረ? ሠርጉ ጥላ፣ ሥራው ጥላ። አንድ ነገር ብቻ ነው ትዝ ያለው። ብሎክ ዘጠኝ እድር ድሮም ጥላ አይቀበልም፤ ጥላ ድንኳን አይተክልም የሚል ደንብ አለው። ለቅሶ ላይ የቀረ ሰው ደግሞ እስከ ልጅ ልጁ ይታማል፤ ይሄ በማሽንም አልጠፋም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጡሩምባ አየ።

«እትዬ፣ ሽቅብ አባላችን አይደል?»

«ነው።»

«አባል ሲሞትስ?»

እትዬ ምንዳዬ ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ። «ይለፈፋላ» አሉ። «ግን እንዳትዋሽ። በለቅሶ አይዋሽም። የሞተውን ሞተ በል፣ ምንም አትጨምርበት።»

በማግስቱ ጉልላት ስብሰባው መሀል ጡሩምባውን አወጣና ነፋው። ጥላዎቹ እንደ ሻማ ተንቀጠቀጡ። እሱም እንደ ድሮው ለፈፈ፤ የብሎክ ዘጠኝ እድር አባል፣ ትንሽ ትልቅ ሳይል ሁሉን ሲያገለግል የኖረው ሽቅብ አርፏል፣ ለቅሶው ሐሙስ ነው፣ አርባ አንደኛ ፎቅ፣ ጥላ አንቀበልም። ከዚህ ውስጥ ውሸት የለም። ሟቹ ማነው ብሎ የጠየቀም የለም። ማነው ማለት አላውቀውም ማለት ነው፣ ፖለቲከኛ ደግሞ መራጩን አላውቀውም አይልም።

በዚህ አላበቃም፤ በጩኸት እንደማይመጡ ያውቃል። የእያንዳንዳቸውን በር አንኳኳ። ገባ፣ የሰጡትን ጠጣ፣ የልጆቻቸውን ጤና ጠየቀ። ሽንቱ ፊኛውን ሊያፈነዳው ደርሶ ነበር። ሲወጣ በር ላይ ቆም ይልና እንደ ዋዛ አንድ ጥያቄ ይጥላል። እርስዎ አንድ ነገር ቢሆኑ፣ ያው አይሁንና፣ ማነው የሚሸከምዎት? ጥላዎች? ከዚያ በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋል።

ሐሙስ መጡ። ከመኪና የወረዱትን አይቶ ጉልላት ማንንም አላወቀም። ባለ ነጎድጓዱ አቶ ልሳኑ አጭር፣ ክብ፣ ድምፃቸው እንደ ወፍ ጫጩት ሆነው ወረዱ። ጥላዋ ገና ሃያ አምስት ዓመት ላይ የቆመላት ወይዘሮ እልፍነሽ በከዘራ መጣች። ዕድሜ ልካቸውን በጥላ ሲከራከሩ የኖሩ ሁለት ተቀናቃኞች እርስ በርስ ሳይተዋወቁ ደረጃውን ተያያዙት፣ አንዱ ለአንዱ ውሃ ሰጠ፣ ተደጋገፉ፣ ወንድሜ ተባባሉ። አሥራ አምስተኛ ፎቅ ላይ ስም ሲጠያየቁ ሁለቱም ክው አሉ። ግን ለመለያየት ጉልበት አልነበራቸውም።

ጉልላት ጀሪካን ውሃ ተሸክሞ ላይ ታች ይላል። የደከመውን ያሳርፋል፣ አይዞህ ይላል፣ እንዲቀመጡ የእድር ወንበር በየመሀሉ ደርድሯል። ሃያኛው ላይ አቶ ልሳኑ ግድግዳ ተደግፈው ሲያቃስቱ ጆሯቸው ውስጥ ያለችው ሹክ ጉዞው ተጠናክሮ እንደሚቀጥል ነገረቻቸው። ጎትተው አወጧትና በደረጃው መሀል ወደ ታች ወረወሯት። እመርታ እያለች ስትወርድ ለረጅም ጊዜ ተሰማ።

ሃያ ስድስተኛው ላይ የተገተረውን ሊፍት በበሩ ስንጥቅ አዩት፤ አቶ ልሳኑ ምነው ይሄ አይሠራም እንዴ ብለው ጠየቁ። ጉልላት ጤነኛ እንደሆነና ማዕከሉ አረንጓዴ እንዳለው ነገራቸው። ትንፋሽ ስላልነበራቸው አልተሳደቡም።

አርባ አንደኛ ፎቅ ጨለማ ነው። ምክር ቤቱ በሙሉ ግድግዳ እየዳበሰ፣ እርስ በርሱ እየተጋጨ፣ የተጋጩት ሰው ሥጋ ሲሆንባቸው ይቅርታ እየተባባለ ገባ። ጫፉ ላይ እትዬ ምንዳዬ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል፣ ዙሪያውን እድርተኛው። አቶ ልሳኑ ሹክ የላቸው፣ ንግግር የላቸው፣ እግራቸው ከዳቸውና እትዬ ምንዳዬ ላይ ወድቀው የምር አለቀሱ። ለምን እንዳለቀሱ እሳቸውም አያውቁም። ምናልባት ጉልበታቸው ነው። ምናልባት ሰው ካቀፋቸው ቆይቷል። እንባቸው ሲያልቅ አፍንጫቸውን ጠርገው የሟች ፎቶ የት እንዳለ ጠየቁ።

እትዬ ምንዳዬ በጣታቸው አሳዩ። የሊፍቱ በር ነው፤ በጥቁር ጨርቅ ታስሯል፣ ሥሩ ሻማ በርቷል።

አቶ ልሳኑ ቀሉ፣ ጠቆሩ፣ አፋቸውን ከፈቱ። እትዬ ምንዳዬ የተከፈተው አፍ ውስጥ ንፍሮ ጨመሩበት።

«ብላ ልጄ» አሏቸው። «ለቅሶ ቤት አይጮህም።»

አኝከው ዋጡ። ንፍሮ የበላ ሰው ለቀስተኛ ነው፣ ምንም ማድረግ አይቻልም። መጀመሪያ የሳቀችው ወይዘሮ እልፍነሽ ናት፤ ከዘራዋን ወርውራ እስክትንፈራፈር ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም። ሳቁ ሲያልቅ ተነስተው ደረጃውን ወደ ታች አዩት። ማንም አልወረደም። ጉልበታቸው እንደ ጨው ሟሙቷል።

አቶ ልሳኑ ግድግዳው ላይ ባለው የማዕከሉ ጆሮ ላይ ተደፍተው ሊፍቱ ይሠራ ብለው አዘዙ። ማዕከሉ ሊፍቱ ጤነኛ መሆኑን ገለጸ። ሰብሳቢው መሆናቸውን ነገሩት። ማዕከሉ የሰብሳቢው ድምፅ ነጎድጓድ መሆኑን አስታውሶ፣ ጥያቄያቸውን ግን በአክብሮት ተቀበለ።

«ጉዳዩ ጥናት ላይ ነው» አላቸው።

ጉልላት ንፍሮውን አዞረ፣ ካርታ አወጣ፣ ፍራሽ አነጠፈ፣ እሱ መጨረሻ በላ። ምክር ቤቱ ለሰልስት እዚያው ቀረ። ሰው ጎን ለጎን ሲያንኮራፋ ያድራል፣ ጠዋት ሽንት ቤት ይሰለፋል፣ በካርታ ይበላላል፣ ይነታረካል። በሁለተኛው ቀን ሰውም ወንበርም ተሟልቶ ስለነበር እዚያው ኮሪደር ላይ ስብሰባ ተቀመጡ። ጉልላት ወንበሩን ትከሻው ላይ አደረገና የሞተ ነገር አረንጓዴ አይባል አለ። እጅ ወጣ፣ እውነተኛ እጅ፣ ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሲሰማ ራሳቸው ደነገጡ። የከተማው አንድ የቀረ የሊፍት መካኒክ ተፈልጎ መጣ።

በሦስተኛው ቀን ከታች ጉርምርምታ ተሰማ። ሽቅብ እየመጣ ነው። እድርተኛው እልል አለ፣ አቶ ልሳኑ ጥቁሩን ጨርቅ በገዛ እጃቸው ፈቱ። ጉልላት ብቻ ነው እልል ያላለው። ያን ጊዜ ነው የገባው፤ እሱ ቃሉን ጠብቋል ማለት እትዬ ምንዳዬም ቃላቸውን ሊጠብቁ ነው።

በሩ ተከፈተ። የምክር ቤቱ አባላት በአንድነት ገፍተው ሊገቡ ሲሉ ወንበሩን በሩ ላይ ጋረደ። መጀመሪያ ሊቀመንበሯ ናቸው። እሱና እሳቸው ብቻ ገቡ፣ ወረዱ።

ታች እትዬ ምንዳዬ ጫማቸውን አውልቀው አፈሩ ላይ ቆሙ። ጉልላት ወንበሩን አስቀመጠላቸውና አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። መንገዱ ባዶ ነው፣ ሁለት ጥላ ተሳስሞ አለፈ። እሳቸው ፀሐዩን ፊታቸው ላይ ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጉልላት ትንፋሻቸውን ሲያዳምጥ የራሱን ረሳ።

«ጉሌ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ተባረክ። እንግዲህ ምንም አልቀረኝም። ያቺ የኮሪደሩ አምፖል ብቻ። እሷን አብራልኝ፣ በጨለማ አልሂድ። ከዚያ በቃኝ።»

አምፖል ማለት ወንበር ላይ ወጥቶ ማዞር ነው። ጉልላት ወንበር አለው። አምፖሉም፣ ትናንት ከመካኒኩ የተቀበለው፣ እዚያው ሹክ የነበረችበት ኪሱ ውስጥ ነው። እጁን ኪሱ ከተተ፣ ነካው፣ እጁን ባዶውን አወጣ።

«እትዬ» አለ መሬት መሬት እያየ። «የአምፖሉ ጉዳይ… ጥናት ላይ ነው።»

እትዬ ምንዳዬ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ፈሪ» አሉት። ከዚያ ጫማቸውን እንዲያለብሳቸው እግራቸውን ዘረጉለትና፣ ከመመለሳቸው በፊት ገበያው የት እንደሄደ እንዲያሳያቸው አዘዙት።

ከዚያ ወዲያ ጉልላት በዚያች ከተማ ያላሠራው ነገር የለም ይባላል። የየብሎኩን ሊፍት አሠራ፣ ምክር ቤቱ ውስጥ ወንበር አስገባ፣ ሰብሳቢም ሆነ። በዘመኑ ሁሉ ጥናት ላይ የቀረች አንዲት ጉዳይ ብቻ ናት። ዛሬም አርባ አንደኛ ፎቅ የሚወጣ ሰው ግድግዳ እየዳበሰ ነው የሚገባው፤ ከጨለማው ጫፍ አንድ የአሮጊት ድምፅ ማነህ፣ ጥላ ነህ ሰው ብሎ ይጠይቀዋል።